አንድ ሰፈር፣ ተመሳሳይ ቤት፣ አምስት እጥፍ ግብር፦ ከሎስ አንጀለስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ የጉዳይ ጥናት

በኖቬምበር 1988 በሎስ አንጀለስ በኪራይ አፓርታማ ይኖሩ የነበሩ አንዲት ሴት ባልድዊን ሂልስ በተባለው ሰፈር መጠነኛ መኖሪያ ቤት በ170,000 ዶላር ገዙ። (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ባለቤቶች ያንኑ ቤት የገዙት ሁለት ዓመት ቀደም ብለው በ121,500 ዶላር ነበር። በ1989 መጀመሪያ ላይ ከካውንቲው (በክፍለ ግዛቱ ሥር ካለው የአካባቢ አስተዳደር) የንብረት ገማች ቢሮ ደብዳቤ ደረሳቸው። የቤቱ ባለቤትነት ስለተለወጠ ግምቱ ወደ 170,100 ዶላር ከፍ ብሏል፤ የበጀት ዓመቱ ግብርም በ453.60 ዶላር፣ ማለትም በ36 በመቶ ጨምሮ 1,701 ዶላር ሆኗል ይላል።

እስከዚህ ድረስ ብዙ የሚያስገርም ነገር የለም። ሰው በገዛበት ዋጋ ልክ ግብር መክፈሉ ለሰሚም ጆሮ የሚከብድ አይደለም። ነገሩ የከረረው እኚህ ሴት ጎረቤቶቻቸው የሚከፍሉትን ሲያጣሩ ነው። አንድ መንገድ ብቻ አለፍ ብሎ፣ ስፋቱ ከእርሳቸው ቤት ጋር እኩል የሆነ፣ ያረፈበት ቦታ እንዲያውም በጥቂቱ የሚበልጥ ቤት ነበር። የዚያ ቤት የዓመት ግብር 358.20 ዶላር ብቻ ነው። የመንገዱ መብራት፣ የእሳት አደጋ አገልግሎቱ፣ ፖሊሱ፣ ትምህርት ቤቱ ለሁለቱም አንድ ነው። የግብሩ ልዩነት ግን ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል።

ገማቹ አልተሳሳተም፣ አላዳላም። ሁለቱንም ሂሳቦች የሠራው በካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ውስጥ በተጻፈ አንድ ቀመር ነው። እኔም ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። የንብረት ግብር አላግባብ ሲሰላ የሚፈጠረውን በደል ሁሉም ያውቀዋል። ግብሩ በትክክል ተሰልቶ፣ ገደቡም በትክክል ተጠብቆ እንዲህ ያለ ልዩነት ሲወጣ ግን ጥፋቱን ከሰው ላይ ሳይሆን ከገደቡ አሠራር ላይ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ስሌቱ

የመኖሪያ ቤት ግብር መሠረቱ ማባዛት ነው። ግብር የሚታሰብበት ዋጋ በግብር መጣኔው ይባዛል። ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ውስብስቡ ያለው ሁለቱን ቁጥሮች ማን እንደሚወስናቸውና በየስንት ጊዜው እንደሚለወጡ ላይ ነው። መጣኔውን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ምክር ቤት ነው፤ ሲያስከፋ በምርጫ ይጠየቅበታል። ዋጋውን የሚወስነው ገማች ነው፤ እርሱም የሚከተለው ገበያውን ነው። ስለዚህ የቤት ዋጋ ሲወደድ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት፣ ማንም ኃላፊ እጁን ሳያወጣ ግብር ይጨምራል። ባለቤቱ ደግሞ ቤቱ ስለተወደደ ኪሱ ውስጥ የገባ ገንዘብ የለም። ደመወዙ ወይም ጡረታው ያው ነው፤ የሚኖረውም በዚያው ቤት ነው።

ከ1978 በፊት በካሊፎርኒያ የነበረውን ሂሳብ በምሳሌ ላሳይ። ሕጉ ቤት የሚገመተው በገበያ ዋጋው 25 በመቶ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ካውንቲው፣ ከተማው፣ የትምህርት ቤት ወረዳውና ሌሎች የአካባቢ አካላት የየራሳቸውን መጣኔ ይጥላሉ፤ ሁሉም ተደምሮ በአማካይ ለእያንዳንዱ 100 ዶላር ግምት 10.68 ዶላር ገደማ ይደርስ ነበር። ገበያ ላይ 60,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ግምቱ 15,000 ዶላር ይሆናል፤ ግብሩ 1,602 ዶላር። ከገበያ ዋጋው አንጻር 2.67 በመቶ ማለት ነው። ቤቱ 120,000 ዶላር ሲያወጣና መጣኔው ባለበት ሲቆይ ግብሩ 3,204 ዶላር ይሆናል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በደቡብ ካሊፎርኒያ የቤት ዋጋ የተወነጨፈው በዚህ ዓይነት ፍጥነት ነበር። መጣኔያቸውን በዚያው ልክ የቀነሱ የአካባቢ አስተዳደሮች ጥቂት ነበሩ።

ከዚህ በስተጀርባ ብዙ ጊዜ የማይወራ ታሪክ አለ። ከ1966 በፊት የካሊፎርኒያ ገማቾች የመኖሪያ ቤቶችን ሆን ብለው ከዋጋቸው እጅግ ዝቅ አድርገው ይገምቱ፣ ሸክሙን ወደ ንግድ ድርጅቶች ያዞሩ ነበር። ቤት ያለው መራጭ ነውና። አሠራሩ ሕገ ወጥ ቢሆንም ለተራው ባለቤት እንደ ጥላ ያገለግል ነበር። በ1965 በሳን ፍራንሲስኮ የገማች ቢሮ ውስጥ የጉቦ ቅሌት ተጋለጠ፤ የንግድ ድርጅቶች ግምታቸውን ለማስቀነስ ገንዘብ ይከፍሉ እንደነበር ታወቀ። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሕግ ሁሉም ንብረት በአንድ ዓይነት ምጣኔ፣ በገበያ ዋጋው 25 በመቶ እንዲገመት አዘዘ። ሕጉ ቅንና ተገቢ ነበር። ነገር ግን ያንን ያልተጻፈ ጥላ ገፈፈው፤ በምትኩ የተጻፈና ሕጋዊ የሆነ መከላከያ አላቆመም። ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋ ሲንር ባለቤቶች በሜዳ ላይ የቀሩት ለዚህ ነው። በእኔ እምነት ከ1978ቱ ማዕበል በፊት የነበረው ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ምክር ቤቱ አሥር ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረው።

የ1978ቱ ድምፅ

ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስበው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ። ፕሮፖዚሽን 13 የሚባለው ይህ ነው። አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን ተቃወሙት፤ ምክር ቤቱም በመጨረሻው ሰዓት ለዘብ ያለ አማራጭ አዘጋጅቶ አብሮ አቀረበ። የክፍለ ግዛቱ ግምጃ ቤት ግን በቢሊዮን የሚቆጠር ያልተነካ ትርፍ ይዞ ተቀምጦ ነበር። የቤት ግብር መክፈል ያቃተው ሰው ይህን እየሰማ የባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ ሊያደምጥ አልቻለም። ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ደግሞ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ገማች የዓመቱን አዲስ ግምት ይፋ አደረገ። ብዙ ባለቤቶች ግምታቸው ምን ያህል እንዳሻቀበ በገዛ ዓይናቸው አዩ። ጁን 6 ቀን 1978 ከመራጩ 65 በመቶ ያህሉ ማሻሻያውን ደገፈ። የምክር ቤቱ አማራጭ ወደቀ።

እነዚያን መራጮች ስስታሞች ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። እኔ አልስማማም። ሃያ ዓመት የኖሩበትን ቤት በዕዳ ሳይሆን በግብር ምክንያት ለመልቀቅ መገደድ እውነተኛ ስጋት ነበር፤ መፍትሔ ማምጣት የነበረባቸው ሰዎች አላመጡም። ክርክሬ የመጣው መፍትሔ ላይ ነው።

ማሻሻያው በአንድ ጊዜ በርካታ ነገሮች አደረገ። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያው መጣኔውን ገደበ፦ ሕዝብ ላጸደቀው ዕዳ መክፈያ ከሚጨመረው በስተቀር ጠቅላላው የንብረት ግብር ከንብረቱ ዋጋ 1 በመቶ አይበልጥም። ሁለተኛው ዋጋውን ገደበ፦ የእያንዳንዱ ንብረት ግምት ወደ 1975 ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ በዋጋ ንረቱ መጠን ከፍ ይላል፤ ሆኖም በማንኛውም ዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም። ቤቱ ሲሸጥ ወይም አዲስ ግንባታ ሲካሄድበት ብቻ በዕለቱ የገበያ ዋጋ እንደገና ይገመታል፤ ያም አዲስ መነሻ ሆኖ እንደገና በ2 በመቶ ገደብ ሥር ይገባል።

ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ገደብ ያያቸዋል። ሥራቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመጣኔው ገደብ ለሁሉም እኩል ይሠራል። 2.67 የነበረው ወደ 1 ሲወርድ አሮጌው ባለቤትም አዲሱም፣ ሀብታሙም ድሃውም በአንድ ምጣኔ ይቀልላቸዋል። የዋጋው ገደብ ግን ለእያንዳንዱ ባለቤት የተለየ ነው፤ ምክንያቱም የገዛበትን ዓመት ይዞ አብሮት ይጓዛል። የመጀመሪያው የሁሉንም ሸክም ሲያቀል፣ ሁለተኛው ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይወስናል።

ሁለቱ ቤቶች ጎን ለጎን

ወደ ባልድዊን ሂልስ እንመለስና ሂሳቡን ቀረብ ብለን እንየው።

የጎረቤቱ ቤት ግምት 35,820 ዶላር ነበር። ይህ የ1975 ዋጋው ነው፣ በየዓመቱ እስከ 2 በመቶ የሚደርሰው ጭማሪ ተደምሮበት። ወደ ኋላ ብናሰላው በ1975 የነበረው ግምት 27,000 ወይም 28,000 ዶላር ገደማ ይመጣል። 1 በመቶው 358.20 ዶላር ነው። የእኚህ ሴት፣ በኋላ ከሳሽ የሆኑት፣ ቤት ግምት 170,100 ዶላር፤ 1 በመቶው 1,701 ዶላር። መጣኔው አንድ ነው። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ የመጣው ከሁለተኛው ገደብ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ አንድ ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። ሁለቱም ግምቶች ከዚህ በኋላ በዓመት እስከ 2 በመቶ ያድጋሉ። ሁለቱም በእኩል ምጣኔ ስለሚያድጉ በመካከላቸው ያለው የ4.75 እጥፍ ልዩነት መቼም አይጠብም። ሁለቱ ባለቤቶች ሌላ ሠላሳ ዓመት ቢኖሩ ሬሾው ያው ነው። በዶላር ሲታይ ደግሞ ይሰፋል፦ በመጀመሪያው ዓመት ልዩነቱ 1,342.80 ዶላር ነው፤ ጭማሪው በየዓመቱ ሙሉ 2 በመቶ ከሆነ በአሥረኛው ዓመት አንዷ 2,033 ዶላር ሌላው 428 ዶላር ይከፍላሉ፤ ልዩነቱ 1,605 ዶላር ይደርሳል። በክሱ ላይ የቀረበው ድምርም ይህንኑ ያሳያል፦ በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ከሳሿ ወደ 19,000 ዶላር የሚጠጋ ሲከፍሉ፣ ተመሳሳይ ቤት በ1975 የነበረው ጎረቤት የሚከፍለው 4,100 ዶላር ብቻ ነው።

በሕዝብ ድምፅ የቆመው የ2 በመቶ ገደብ በወረቀት ላይ የዋጋ ንረትን የሚከተል ይመስላል። በ1979፣ 1980 እና 1981 የአሜሪካ የዋጋ ንረት ከ10 በመቶ በላይ ነበር። ግምቱ ግን ያደገው በ2 ብቻ ነው። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ግብር ባለበት አልቆመም፤ በገንዘብ የመግዛት አቅም ሲለካ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ። ከግብር መናር ጥበቃ የጠየቀ ሰው የግብር ቅናሽ አገኘ፤ የቅናሹ ዋጋ የተጻፈው ደግሞ ገና ባልገዛ ሰው ሂሳብ ላይ ነው።

በፍርድ ቤቱ ሰነድ ላይ ከሰፈሩት ቁጥሮች አንዱን ካነበብኩ በኋላ ልረሳው አልቻልኩም። የእኚህ ሴት መጠነኛ ቤት የሚከፍለው ግብር፣ ማሊቡ የባሕር ዳርቻ ላይ ካለ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ከሚያወጣና ባለቤቱ ከ1975 በፊት ከያዘው ቤት ግብር የሚያንሰው በጥቂት ዶላር ብቻ ነበር። ገደቡ የተጠየቀው ቤታቸውን ሊያጡ ለደረሱ ጡረተኞች ስም ነው። የተሰጠው ግን ለቆየ ሁሉ ነው፤ የባሕር ዳርቻው ቤት ባለቤትም ቆይቷል። በ1989 በካሊፎርኒያ ማሻሻያው ከጸደቀበት ከ1978 ጀምሮ ቤታቸውን የያዙት ባለቤቶች ከጠቅላላው 44 በመቶ ነበሩ፤ በቤታቸው የሚኖሩ ባለቤቶች ከሚከፍሉት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ግብር ውስጥ የእነርሱ ድርሻ ግን 25 በመቶ ብቻ ነበር።

ክሱ

ከሳሿ ግብሩን ከፍለው ገንዘባቸው እንዲመለስ ካውንቲውንና የካውንቲውን ገማች ከሰሱ። ጉዳዩ በሕግ መጻሕፍት «ኖርድሊንገር በሃን ላይ» ተብሎ ይታወቃል፤ ኖርድሊንገር ከሳሿ፣ ሃን የካውንቲው ገማች ናቸው። መሠረታቸው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛው ማሻሻያ ነው፤ ማንም ሰው በሕግ እኩል ጥበቃ ያገኛል የሚለው።

ጊዜው አመቺ ይመስል ነበር። በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዌስት ቨርጂኒያ በመጣ ጉዳይ ላይ፣ አንዲት የካውንቲ ገማች በቅርቡ የተሸጡ የድንጋይ ከሰል ይዞታዎችን በሽያጭ ዋጋቸው፣ ሌሎቹን ግን በአሮጌ ግምት ላይ ጥቂት እየጨመረች መገመቷ የእኩልነት መብትን ይጥሳል ብሎ በአንድ ድምፅ ወስኖ ነበር። በዚያ ጉዳይ ልዩነቱ ከ8 እስከ 35 እጥፍ ይደርስ ነበር። የካሊፎርኒያ ቀመርም በውጤቱ ያንኑ ይመስላል። ሜሲስ የተባለው ትልቅ የመደብር ኩባንያ ተመሳሳይ ክስ ይዞ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ ነበር። በ1991 ግን የካሊፎርኒያ ደንበኞቹ ሲቆጡበት ክሱን አነሳ። ስለዚህ ትግሉ በአንዲት የቤት ባለቤት ትከሻ ላይ ወደቀ።

የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤቶች ምስክር ሳይሰሙ ክሱን ዘጉት፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን በፌብሩዋሪ 1992 ሰምቶ ጁን 18 ቀን 1992 ፈረደ። ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ከሳሿ ተሸነፉ።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሃሪ ብላክመን ናቸው። የልዩነቱን ስፋት አልካዱም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው አሉ። በግብር ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚመረምረው ሕጉ ጥሩ መሆኑን አይደለም፤ ለልዩነቱ ምክንያታዊ መሠረት ሊኖረው ይችላል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ሁለት መሠረቶችም አገኙ። አንደኛው፣ ክፍለ ግዛቱ ነዋሪዎች በሰፈራቸው ጸንተው እንዲቆዩ የመፈለግ ሕጋዊ ጥቅም አለው፤ የቆየን የሚደግፍ ግብር የቤት መለዋወጥን ያዘገያል፣ ሰፈር እንዳይፈርስ ይረዳል። ሁለተኛው የበለጠ ክብደት ያለው ነው። አዲስ ገዢ ቤት ከመግዛቱ በፊት ግብሩ ስንት እንደሚሆን ያውቃል፤ ካልተስማማው ይተወዋል። የቆየው ባለቤት ግን ገዝቶ ጨርሷል፤ ግብሩ ሲወደድበት «አልገዛም» ማለት አይችልም። ስለዚህ ሁለቱን በተለያየ ሚዛን ማየት ምክንያት የለሽ አይደለም።

የዌስት ቨርጂኒያውን ጉዳይ እንዴት ለዩት? በዚያ ክፍለ ግዛት ሕገ መንግሥት ግብር በገበያ ዋጋ ልክ እኩል እንዲሆን ያዝዛል፤ ልዩነቱን የፈጠረችው ገማቿ በራሷ አሠራር ነው። በካሊፎርኒያ ግን ሕዝቡ ራሱ በግዢ ዋጋ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት መርጧል፣ በሕገ መንግሥቱም ጽፎታል። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በውጤቱ ቢስማሙም ይህን የመለየት ሙከራ አልተቀበሉትም፤ የ1989ኙ ፍርድና ይህ በትክክል አብረው አይሄዱም የሚል አስተያየት ጻፉ። እኔም ሁለቱን ፍርዶች ተከታትዬ ሳነብ በዚህ ነጥብ ላይ እርሳቸው ይበልጥ ያሳምኑኛል። ለሚከፍለው ሰው አምስት እጥፉ ከሕገ መንግሥት መጣ ወይስ ከአንዲት ገማች ጠረጴዛ፣ ኪሱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ያው ነው።

ብቸኛው የተቃውሞ ድምፅ የዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ ነበር። በእርሳቸው እይታ ሕጉ ቀድመው የመጡትን ባለ ርስት አድርጓቸዋል፤ የእነርሱን ጥቅም የሚሸፍነው ዘግይቶ የመጣው ነው። በተለይ ያስቆጣቸው በ1986 የተጨመረው ፕሮፖዚሽን 58 ነው። በእርሱ መሠረት ወላጅ ቤቱን ለልጁ ሲያወርስ ግምቱ አይታደስም፤ ልጁ የወላጁን የ1975 ግምት ይዞ ይቀጥላል። አቅማቸውም ችግራቸውም እኩል የሆኑ ሁለት ቤተሰቦች በዘር ሐረጋቸው ብቻ የተለያየ ግብር ይከፍላሉ፤ ይህ የመካከለኛው ዘመን ጠባይ ያለው ልዩ መብት ነው ሲሉ ጻፉ።

ብዙኃኑ ዳኞች የተቀበሉት ሁለተኛው ምክንያት ለወላጅ ይሠራል። ለወራሽ ግን አይሠራም። ወራሹ ገዝቶ አልተጣበቀም፣ ዕዳ አልገባም፣ በግብሩ ላይ ተማምኖ የወሰነው ውሳኔ የለም። አዲስ ባለቤት ነው፤ ያውም ለቤቱ ምንም ያልከፈለ። ከከሳሿ ጋር ሲነጻጸር ጥበቃ የሚገባው ይልቁንም 170,000 ዶላር የከፈሉት ናቸው። ብዙኃኑ ይህን ለማለፍ የተጠቀሙበት መከራከሪያ የቤተሰብን ቀጣይነት መደገፍ የሚል ነው። ለሕገ መንግሥት ፈተና ይበቃ ይሆናል፤ ፍትሕ ለሚጠይቅ ሰው ግን አይበቃም።

ገደቡ ያስከተለው

ከድምፁ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ዓመት በካሊፎርኒያ የንብረት ግብር ገቢ ከግማሽ በላይ ወረደ። ክፍለ ግዛቱ ያንን ትርፍ አውጥቶ ትምህርት ቤቶችንና ካውንቲዎችን ደገፈ። ነገር ግን 1 በመቶው ለማን ስንት እንደሚከፋፈል የመወሰን ሥልጣን ከአካባቢ ወደ ምክር ቤቱ ሄደ። ከተሞች የአገልግሎትና የግንባታ ክፍያ ወደ መጨመር ዞሩ። አዲስ ቤት የሚገዛ ሰው በአዲሱ ግምት ላይ ይህንንም ይሸከማል።

ሌላው ውጤት ሰዎች ከቤታቸው አለመነሳታቸው ነው። ልጆቻቸው ወጥተው ሰፊው ቤት የበዛባቸው ባልና ሚስት ወደ ትንሽ ቤት ቢዛወሩ ግብራቸው ይቀንሳል ብሎ ሰው ይገምታል። በዚህ ሥርዓት ይጨምራል፤ ትንሹ ቤት በዛሬ ዋጋ ይገመታልና። ሕዝቡ ይህን አይቶ በ1986 እና በ1988 ከ55 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ግምታቸውን ይዘው እንዲዛወሩ ፈቀደ፤ በመጀመሪያ በአንድ ካውንቲ ውስጥ፣ ቀጥሎም ወደ ፈቃደኛ ካውንቲዎች። እያንዳንዱ ማስተካከያ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላ ልዩ መብት ፈጠረ።

የዋጋ መውደቅም የራሱ ሕግ አለው። በኖቬምበር 1978 የጸደቀ ማሻሻያ የቤቱ የገበያ ዋጋ ከተመዘገበው ግምት በታች ሲወርድ ግምቱ ለጊዜው እንዲቀነስ ያዝዛል። ገበያው ሲያገግም ግን ግምቱ ወደ ቀድሞው መስመር እስኪመለስ ድረስ በአንድ ዓመት ከ2 በመቶ በላይ ሊዘል ይችላል። 2 በመቶ ጣሪያ ነው ብለው ያመኑ ባለቤቶች ይህ ሲደርስባቸው ገማቹ ሕግ የጣሰ ይመስላቸዋል። አልጣሰም፤ ጣሪያው የተሠራው በመነሻው ዋጋ ላይ ነው።

ሌላ ዓይነት ገደብ ይቻል ነበር ወይ?

ይቻል ነበር። ማሳቹሴትስ በ1980 ያጸደቀው ሕግ የገደበው የእያንዳንዱን ቤት ግምት አይደለም፤ ከተማው በጠቅላላ ከንብረት ግብር የሚሰበስበውን ነው። ጠቅላላው ከከተማው ንብረት ዋጋ 2.5 በመቶ አይበልጥም፣ ከአዲስ ግንባታ ውጭም በዓመት ከ2.5 በመቶ በላይ አያድግም፤ መራጩ ካልፈቀደ በስተቀር። ቤቶቹ በገበያ ዋጋቸው መገመታቸው ይቀጥላል። ዋጋ በመላው ከተማ ሲንር መጣኔው በራሱ ይወርዳል። በዚህ ሥርዓት ባልድዊን ሂልስ ውስጥ ያሉት ሁለት ተመሳሳይ ቤቶች ተመሳሳይ ግብር ይከፍሉ ነበር፤ መንግሥትም ከዋጋ ንረት ያልታሰበ ሲሳይ አያገኝም ነበር። እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ ሰፈሩ ከሌላው የከተማው ክፍል ይልቅ የተወደደበት ጡረተኛ አሁንም ሊጨነቅ ይችላል።

ለእርሱ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፦ ግብሩ ከገቢው የተወሰነ ድርሻ ሲያልፍ ትርፉን መንግሥት እንዲሸፍንለት፣ ወይም አረጋውያን ግብራቸውን አቆይተው ቤቱ ሲሸጥ ከነወለዱ እንዲከፍሉ ማድረግ። ሁለተኛው በካሊፎርኒያም አለ። እነዚህ መንገዶች እርዳታውን የሚሰጡት ለተቸገረ ሰው ነው፤ ሰውየው ቤቱን በየትኛው ዓመት እንደገዛ አይጠይቁም። ሰው ከቤቱ እንዳይፈናቀል የሚፈልግ ሕግ አውጪ መጀመሪያ መመልከት ያለበት እነርሱን ነው ብዬ በሙሉ ልብ አምናለሁ። በ1978 መራጩ ፊት የቀረበው ግን ይህ አልነበረም።

ዛሬ ያለበት ሁኔታ

ከ1992 በኋላ የፍርድ ቤቱ በር ተዘግቷል፤ የቀረው የድምፅ ሳጥን ነው። በኖቬምበር 2020 ካሊፎርኒያውያን ሁለት ጥያቄ ቀረበላቸው። ፕሮፖዚሽን 15 ትልልቅ የንግድ ንብረቶች በገበያ ዋጋ እንዲገመቱ የሚል ነበር፤ 48 ለ52 ወደቀ። ፕሮፖዚሽን 19 ግን አለፈ። ከፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 ጀምሮ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቤት የቀድሞውን ግምት የሚይዘው ልጁ ራሱ መኖሪያው ካደረገው ብቻ ነው። የገበያ ዋጋው ከወላጁ ግምት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲበልጥ ትርፉ ወደ አዲሱ ግምት ይጨመራል፤ የአንድ ሚሊዮኑ መጠንም በየጊዜው ይስተካከላል። ወርሶ የሚያከራይ ሰው የወላጁን ግምት ይዞ መቀጠል አይችልም። ዳኛ ስቲቨንስ በ1992 የተቃወሙት ክፍል በከፊል የተስተካከለው በዚህ መንገድ ነው። በአንጻሩ ያው ማሻሻያ ከ55 ዓመት በላይ የሆናቸው ባለቤቶች ግምታቸውን ይዘው በመላው ክፍለ ግዛት እስከ ሦስት ጊዜ እንዲዛወሩ ፈቀደ።

የ2 በመቶው ገደብ አልተነካም። በመሆኑም በካሊፎርኒያ ቤት ሊገዛ የሚያስብ ሰው ሻጩ የሚከፍለውን ግብር አይቶ በጀቱን ማውጣት የለበትም፤ ያ ቁጥር የሻጩን የግዢ ዓመት እንጂ የቤቱን ግብር አይነግረውም። የተስማማበትን ዋጋ 1 በመቶ አስልቶ፣ በአካባቢው ሕዝብ የጸደቁ ዕዳዎችን መክፈያ ይጨምርበታል። ካውንቲው ባለቤትነቱ ከተለወጠበት ዕለት ጀምሮ ያለውን ልዩነት የሚያስከፍል ተጨማሪ ሂሳብም ለብቻው ይልክለታል። በቤቱ ራሱ የሚኖር ከሆነ ከግምቱ ላይ 7,000 ዶላር እንዲቀነስለት ማመልከት ይችላል፤ በ1 በመቶ ሲሰላ በዓመት 70 ዶላር ነው።